ለብረት የድንጋይ ገበር
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተሰጠ ንግግር)




ስለ ቫልቭ ልንናገር መነሣታችን ከመካከላችሁ አንዳንዱን ሳያስቀው አልቀረም። ባለፈው ጊዜ ከዚሁ ስፍራ ስለ ቅኔ ተነግሮ አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር፤ እኛ ደግሞ የቧንቧ መዝጊያ ተሸክመን መጥተናል። የምንናገረው ነገር ግን መጀመሪያው ፋብሪካ ቢሆንም መጨረሻው ላስታ ስለ ሆነ፥ የቅኔ ወዳጆችም ጥቂት ታግሠው ቢሰሙን አይጎዱም።

ቫልቭ ማለት በቧንቧ ውስጥ የሚያልፈውን ነገር የሚከፍት፥ የሚዘጋና የሚመጥን መሣሪያ ነው። የቧንቧ ሠራተኞቻችን አንዱን ዓይነት ከጣልያንኛ ወርሰው «ሳራቺኔስካ» ይሉታል። ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚያልፍበት ከሆነ ብዙ ዘመን ያገለግላል፤ የሚያስታውሰውም የለም። ችግሩ ፋብሪካ የሚያሳልፈው ንጹሕ ውሃ ብቻ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በወንጂ የተጀመረውን የስኳር ሥራ ብንወስድ፥ ከአገዳው ጋር ከእርሻ የመጣው አፈር ከጭማቂው ይቀላቀላል፤ ጭማቂውን ለማጥራትም ኖራ በውሃ ተበጥብጦ ይጨመርበታል። በሲሚንቶ ፋብሪካ ዱቄቱ በአየር ግፊት በቧንቧ ይነዳል። አዋሽ መልካሳ ላይ የሰልፈሪክ አሲድና የአሉሚኒየም ሰልፌት ፋብሪካ ተተክሏል፤ አሲድ ውሃ ሲገባበት ተራውን ብረት እንዴት አድርጎ እንደሚበላ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ቫልቩ ሁለት ጠላት አለበት፤ አንዱ ይፍቀዋል፥ ሌላው ያዝገዋል።

ከእኛ መካከል ሦስቱ ለተግባር ልምምድ በተመደቡበት አንድ ፋብሪካ፥ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፥ እንዲህ ያለ ቫልቭ ሲፈታ ቆመው አይተዋል። የሚወጣውና የሚወርደው በር የታችኛው ጠርዙ እንደ አሮጌ ማጭድ ሳስቶ፥ የሚያርፍበት መቀመጫ ደግሞ ጎርፍ እንደ ቦረቦረው መሬት ሸንተረር አውጥቶ ነበር። ዋናው መካኒክ የተበላውን በብየዳ ሞልተው፥ በሞረድ አስተካክለው፥ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርገው መልሰው ገጠሙት። «አሁን እስከ መቼ ያገለግላል ጋሼ?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «እስኪበላ ነዋ ልጆቼ!» አሉን። እኒህ ሰው የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። ያሳዘነን ሌላ ነው፤ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ የትኛው ቫልቭ በየስንት ወሩ እንደሚበላ፥ በምን ምክንያት እንደ ተበላና ስንት ቀን ሥራ እንዳስፈታ የሚጻፍበት አንድ ደብተር እንኳ አልነበረም። አዲሱ ቫልቭ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ አሮጌው ከቁርጥራጭ ብረት ክምር ላይ ይጣላል፤ ከክምሩ ማንም ምንም አይማርም።

ስለዚህ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አንዱን ነገር ሌላው የሚፍቀው ከእሱ የጠነከረ ሲሆን ነው። የጀርመኑ የማዕድን ሊቅ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው የጥንካሬ መስፈሪያ፥ በጥፍር የሚፋቀው ታልክ 1፥ አልማዝ 10 ተብሎ ተቀምጧል። ተራ ብረት ከ4 እስከ 5 አካባቢ ይገኛል። የኳርትዝ አሸዋ 7 ነው። እንግዲህ አሸዋ በብረት ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ አሸናፊው ማን እንደ ሆነ መስፈሪያው አስቀድሞ ነግሮናል። ላስታ ውስጥ ላደገ ሰው ግን ሞስ አያስፈልገውም። የእጅ ወፍጮና መጅ ሲመላለሱ ኖረው ፊታቸው ሲለሰልስ እህሉ አልደቅ ይላል፤ ያን ጊዜ እናቶቻችን ከወፍጮው የጠነከረ ድንጋይ ይዘው ይወቅሩታል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት «ውቅር» መባላቸውም ከዚሁ ግሥ ነው። የጠነከረ መሣሪያ ለስላሳውን ድንጋይ እንዴት እንደሚያሸንፍ በዚያ አገር ለመናገር መሞከር ለባለቤቱ ቤቱን እንደ ማስጎብኘት ይሆናል።

ዝገት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ብዙ ብረት መጀመሪያ ሲዝግ በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ያበጅና ያ ሽፋን የታችኛውን ብረት በመጠኑ ይጋርደዋል። የማይዝግ የሚባለው ብረትም የማይዝገው ክሮሚየም በሚያበጅለት ለዓይን በማይታይ ቆዳ ምክንያት ነው። አሸዋ ሲጨመር ግን ሽፋኑ በተሠራ ቁጥር ይፋቃል፥ አዲስ ብረት ይገለጣል፥ እሱም ይዝጋል፥ ዳግመኛ ይፋቃል። ሁለቱ ጠላቶች ሲተባበሩ የሚያደርሱት ጥፋት እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ከሚያደርሱት ድምር ይበልጣል። «የማይዝግ ብረት ገዝተን ስለ ምን ተበላብን?» ለሚሉ የፋብሪካ ሰዎች መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ምክንያት ፍጥነት ነው፤ ይህን ሠራተኛው በእጁ ሊያርመው ስለሚችል ትንሽ እንቆይበት። በአሸዋ የሚደርሰው መበላት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ አራት እጥፍ፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። በሩ ግማሹ የተዘጋ ሳራቺኔስካ በጠባቡ ቀዳዳ ፈሳሹን እንደ ወንጭፍ ያስወነጭፈዋል። ይህ ዓይነት ቫልቭ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት ወይም ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ የተሠራ ነው፤ ለመመጠን አልተሠራም። ነገር ግን በየፋብሪካው ሩቡን ብቻ ተከፍቶ ወራት ሲያሳልፍ እናያለን። ስለ ውድ ሽፋን ከመነጋገራችን በፊት ይህን ልማድ መተው ምንም ወጪ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ገበሩ እንምጣ። ካባ ገበር እንዳለው ሁሉ፥ ቫልቭም በውስጥ በኩል ሌላ ልብስ ሊለብስ ይችላል። ብረቱ ግፊቱን ይሸከማል፤ ገበሩ ፍትጊያውንና አሲዱን ይቀበላል። ከገበሮቹ ሁሉ ብርቱው ሴራሚክ ነው፤ ይኸውም የምጣድና የጀበና ዘመድ፥ በእሳት የጠና ድንጋይ ማለት ነው። በቫልቭ ውስጥ ከሚገቡት የታወቁት አሉሚና፥ ዚርኮኒያና ሲሊኮን ካርባይድ ናቸው። አሉሚና በሞስ መስፈሪያ 9 ነው፤ ስለዚህ አሸዋ ሊፍቀው ቢሞክር የሚደቀው አሸዋው ራሱ ነው። ዚርኮኒያ ዋጋው ይከብዳል፥ ነገር ግን ከአሉሚና ይልቅ መሰንጠቅን ይቋቋማል። ሦስቱም በአብዛኞቹ አሲዶች አይበሉም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ግን ብርጭቆንም ብዙውን ሸክላም ያጠፋል፤ የጋለ ኮስቲክ ሶዳም የብርጭቆ ዘር ያለበትን ገበር ቀስ በቀስ ይበላዋል። ኮስቲክ ሶዳ በሚያዘወትሩ በእነ ኮምቦልቻ ባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ቫልቭ ሲመረጥ ይህ መዘንጋት የለበትም።

«ታዲያ ሁሉንም በሸክላ ለብጠን እንረፍ» የሚል ቢኖር፥ በየቤታችን ያለውን የኢናሜል ሳሕን እንዲያይ እንለምነዋለን። ሳሕኑ ብረት ነው፤ በላዩ ላይ ብርጭቆ ቀልጦ ተለብጦበታል። ሳይነካ ሃያ ዓመት ይኖራል። አንድ ቀን ሲወድቅ ግን ከጠርዙ ጥቂት ይላላጣል፤ ዝገቱም ከዚያች ከተላጠችው ስፍራ ጀምሮ ከሽፋኑ ሥር ለሥር ይሄዳል። ሴራሚክ ጠንካራ ነው፥ ግን ግትር ነው። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰች ሴት ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

ግትርነቱ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ብረት ከርዝመቱ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይለጠጣል፤ አሉሚና 8 እጅ ያህል ብቻ። ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ቫልቭ በ100 ዲግሪ ቢግል፥ ብረቱ 0.24 ሚሊ ሜትር፥ ገበሩ 0.16 ሚሊ ሜትር ያድጋሉ። ልዩነቱ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይለይም። ነገር ግን በዚያች የወረቀት ክፍተት ገበሩ ድጋፉን ያጣል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ይሰነጠቃል። ባለሙያዎቹ ያገኙት ዘዴ ያማረ ነው። ብረቱን አስቀድመው ያግሉታል፤ በሰፋ ጊዜ የሴራሚኩን ቀለበት ያስገቡበታል፤ ብረቱ ሲበርድ ቀለበቱን ጨምቆ ይይዘዋል። ሴራሚክ ሲጨመቅ ያለው ብርታት ሲሳብ ካለው ዐሥር እጥፍ ገደማ ስለ ሆነ፥ ተጨምቆ መኖር ይመቸዋል። ቫልቩ ሲግል ጭመቱ ይቀንሳል እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠፋም።

የሚመታበት ማዕዘንም መታሰብ አለበት። ብረት ይበልጥ የሚጎዳው አሸዋው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ማዕዘን በጎን ጠርቦት ሲያልፍ ነው፤ ሴራሚክ ደግሞ ፊት ለፊት ሲመታ። ስለዚህ ፈሳሹ ተንሸራቶ በሚያልፍበት ላይ ሴራሚክ፥ ትልልቅ ጠጠር ቀጥ ብሎ በሚወርድበት ላይ ግን ጎማ ይሻላል። ጎማ ከድንጋይ ይበልጣል ሲባል የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን የተመታውን ጉልበት ውጦ ይመልሰዋል።

እስከዚህ የተናገርነው በየትም አገር መጽሐፍ ይገኛል። ለምን ላስታን አነሣን?

መጀመሪያ አሸዋው ከየት ይመጣል? ተከዜ የሚነሣው ከላሊበላ ብዙ ከማይርቁት የላስታ ተራሮች ነው። በክረምት ወራት ወንዙን ያየ ሰው ውሃ ነው ወይስ የሚሄድ መሬት ነው ብሎ ይጠራጠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ተርባይኖቹ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተተክለዋል። ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ የተቦረቦረ ማሳ በመጨረሻው ወደዚያ ሐይቅ ይወርዳል። ከባዱ አሸዋ ከሐይቁ አፍ ላይ ይቀራል፤ ደቃቁ ግን ከውሃው ጋር ሩቅ ይሄዳል። ሐይቁ በሞላው ደለል ልክ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት የሚቀርበው አሸዋ እየጠገጠገ ይመጣል። በባዝልት ውስጥ ያሉት ማዕድኖች በሞስ መስፈሪያ ከ5 እስከ 7 ናቸው፤ ወንዙ ወደ ታች ሲወርድ የአሸዋ ድንጋይም ስለሚያልፍ ኳርትዝ ይጨመርበታል። እንዲህ ያለ ውሃ ለሚያልፍበት ቫልቭ ሁሉ የመጀመሪያው ገበር በላስታ ቁልቁለት ላይ የሚሠራው እርከን ነው። ገበሬው እርከኑን የሚሠራው ለጤፉና ለገብሱ ነው፤ የቫልቩን ዕድሜም ጨምሮ እንደሚጠብቅ የነገረው የለም፥ የከፈለውም የለም።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስደስተናል። ያው የላስታ ድንጋይ በአሸዋነቱ ብረትን እንደሚበላ ሁሉ፥ ቀልጦ ቢፈስ የብረት ጋሻ ሊሆን ይችላል። ባዝልትን አቅልጦ ገበር ማድረግ በአውሮፓ ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ሥራ ነው፤ ቼኮችና ጀርመኖች እስከ ዛሬ ይሠሩታል። ድንጋዩ ተከስክሶ ከ1,250 እስከ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ይቀልጣል፤ በቅርጽ ውስጥ ይፈሳል። ምስጢሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ጊዜ ቢቀዘቅዝ ጥቁር ብርጭቆ ይሆንና በትንሽ ምት ይረግፋል። ቀስ ብሎ፥ አንድ ቀን ያህል በምድጃ ውስጥ ሲበርድ ግን በውስጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ተወልደው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ጥንካሬውም ወደ 8 ይደርሳል። አሲድን በጣም ይቋቋማል። ከ350 ዲግሪ ገደማ በላይ ባለ ሙቀትና በድንገተኛ ግለት ግን አይታመንም። በድንጋይ ከሰል ጣቢያዎች የአመድ ቧንቧ፥ በማዕድን ማውጫ የአሸዋ ቧንቧ፥ በሲሚንቶ ፋብሪካ የመውረጃ አሸንዳ በዚህ ይለበጣል።

የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ከምድር ውስጥ በፈሰሰ ባዝልት የተሠራ ነው። ከዚህም ውስጥ በላሊበላ ዙሪያ ያለው ባዝልት በቲታኒየም ብዛት ከሌላው ተለይቶ በምድር ጥናት ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። የብርጭቆና የሴራሚክ ጠበብት ደግሞ ቲታኒየም ኦክሳይድን ሆን ብለው ወደ ቀላጩ የሚጨምሩበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም ቅንጣቶቹ የሚወለዱበት ዘር ይሆንላቸዋል። እነሱ ገዝተው የሚጨምሩትን ተፈጥሮ ለላስታ ጨምራለት ይሆን? ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ከምድጃ ይወጣል እንጂ ከምኞት አይወጣም። ባዝልት ሁሉ ለዚህ ሥራ አይበጅም፤ አንዱ ሲቀልጥ ይወፍራል፥ አንዱ ሲበርድ ይሰነጠቃል፥ አንዱ እኩል አይረጋም።

ሙቀቱ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ካለ፥ የሲሚንቶ ምድጃዎቻችን ድንጋዩን በ1,450 ዲግሪ አካባቢ እንደሚያበስሉ እናስታውሰዋለን። ብርጭቆ ማቅለጥም፥ በሐዋሳው የታቦር ሴራሚክ ፋብሪካ እንደሚሠራው ሸክላ በትልቅ ምድጃ መተኮስም ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። በአንጻሩ የቀለጠ ባዝልት የቫልቩን የመዝጊያ ፊት ሊሆን አይችልም፤ ያ ፊት ጠብታ እንዳያሳልፍ በጥንቃቄ መፈተግ አለበትና አሉሚና ወይም ዚርኮኒያ ይጠይቃል፥ እነሱም ለጊዜው ከውጭ ይመጣሉ። ባዝልቱ የሚጠቅመው ከቫልቩ ፊትና ኋላ ባለው ቧንቧ ላይ ነው። ከቫልቩ ተወንጭፎ የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ የሚበሳው ያንን ክንድ ስለ ሆነ፥ ይህም ትንሽ ነገር አይባልም።

ስለ ሽፋን ከተነሣ፥ ላሊበላ ራሷ ያየችውን መከራ ሳንጠቅስ ማለፍ አይሆንልንም። አብያተ ክርስቲያናቱ የተወቀሩበት ድንጋይ ለጋሻ ከምንፈልገው ጥቁር ባዝልት የተለየ ነው፤ ለስለስ ያለና ባለ ቀዳዳ በመሆኑ ለመሮ ተመቸ፥ በዚያው ምክንያት ለዝናብም ተመቸ። ባለፈው መቶ ዓመት ጣሪያዎቹን ከዝናብ ለማዳን ተብሎ ሬንጅና ቀለም ተቀባባቸው። አሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ውሃን ከላይ ብቻ አይቀበልም፤ ከጎንም ከሥርም ይጠጣል፥ የጠጣውንም መልሶ መተንፈስ አለበት። መተንፈሻው ሲዘጋ ውሃው ከሽፋኑ በታች ታስሮ ይቀራል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጣልያናዊው ሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት የተደረገው እድሳት ከደከመባቸው ነገሮች አንዱ ይህን የቀድሞ ሽፋን ማንሣት ነበር።

ከዚያ ወዲህ፥ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እንደ ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ባሉት ላይ ትልልቅ የብረት ጥላዎች ተተከሉ። ዝናቡን ከልክለዋል። በ2018 ግን የላሊበላ ሕዝብ የጥላዎቹ ክብደትና ንፋስ ሲነሣ የሚያደርጉት መንቀጥቀጥ አብያተ ክርስቲያናቱን ይጎዳል ብሎ ሰልፍ ወጣ። ማን ልክ ነው ለማለት እኛ ገና ተማሪዎች ነን። በቫልቩ ላይ ያየነው ነገር ግን እዚያም አለ፤ ሽፋንና ተሸፋኝ ባሕርያቸው ካልተስማማ፥ አንዱ ሲለጠጥ ሌላው ካልተከተለ፥ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ከዘጋው፥ ጠባቂ ተብሎ የመጣው ራሱ ጉዳት ያመጣል። የምሕንድስና ተማሪ ይህን ከዝገት ጠረጴዛችን ይልቅ ከቤተ አማኑኤል ግድግዳ ቢማረው ይሻላል እንላለን። በትምህርት ዝርዝራችን ውስጥ ግን ላሊበላ ለታሪክ ተማሪ ብቻ ተትታለች።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው ብዙ አይደለም። በቤተ ሙከራው ያለው ምድጃ 1,300 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነ በሳምንት አንድ ሌሊት ይፈቀድልን፤ ማቀዝቀዙ አንድ ቀን ስለሚፈጅ ቅዳሜ ማታ ብንጀምር የማንንም ትምህርት አንነካም። የመጀመሪያው ሙከራ በጣት የሚያዝ ዘንግ ማፍሰስ ብቻ ነው፤ ከዚያም ከተራ ብረትና ከአሉሚና ጎን አድርገን እርጥብ አሸዋ እያሽከረከርን ከሦስቱ ስንት ግራም እንደ ጎደለ እንመዝናለን። ውጤቱ የላስታ ባዝልት አይረባም ቢል ያንኑ በዚህ ጋዜጣ እናወጣለን። በየፋብሪካው ለልምምድ የምትሄዱ ጓደኞቻችንም የተበላ ቫልቭ ስታዩ ከመጣሉ በፊት ለምናችሁ አምጡልን፤ ምን ዓይነት ፈሳሽ ያልፍበት እንደ ነበር፥ ስንት ወር እንዳገለገለና ከየት በኩል እንደ ተበላ ጻፉበት። ያ ያልነበረው ደብተር ከዚህ ይጀመር።

የድንጋይ ናሙና መቀበያ ሣጥን ከነገ ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ ይቀመጣል። የላስታ ልጆች ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ጥቁሩንና ቀዳዳ የሌለበትን ባዝልት ምረጡ፤ መንገድ ሲሠራ ከተቆረጠ ገደል የተነሣ ቢሆን ይመረጣል። ከየት ቀበሌ፥ ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደ ተነሣ በወረቀት ጽፋችሁ እሰሩበት። የገበሬ ካብና እርከን አትንኩ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ክልል የመጣ ድንጋይ ግን፥ ጠጠርም ቢሆን፥ አንቀበልም።